ጉልበቱ እኩል፣ እርምጃው እንደ መሬቱ፦ በከፊል ሐሩራማ የተፈጥሮ ፓርክ ውስጥ የዱካ ሩጫ

አስፋልት የለመደ ሯጭ ወደ ከፊል ሐሩራማ (ከሐሩር ክልል ቀጥሎ ባለ ሞቃት አካባቢ ወደሚገኝ) ፓርክ ሲገባ የሚሠራው የመጀመሪያ ስህተት የእጅ ሰዓቱን እያየ መሮጥ ነው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ የለመደ ሰው አሸዋ ላይ 7 ደቂቃ ሲያይ ይናደዳል፤ ይገፋል። ዳገቱ ላይ ይገፋል፤ እርጥብ ጣውላው ላይም ያንኑ ፍጥነት ይዞ ይገባል። በአሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሩ ከድቶታል፣ ውኃው አልቋል፣ መኪናው ያለበት ደግሞ ገና 5 ኪሎ ሜትር ይቀራል።

እንዲህ ባለ ፓርክ መሬቱ በየጥቂት መቶ ሜትሩ ይለወጣል። ከአሸዋ ወደ ማንግሮቭ (በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) የጣውላ መንገድ፣ ከዚያ ሥር ወደበዛበት ጫካ፣ ከጫካው ወደ ሸክላ አፈር ዳገት፣ ከላይ ደግሞ ወደ ሾጣጣ የኖራ ድንጋይ። እኩል ሆኖ መቆየት ያለበት ፍጥነቱ ሳይሆን የሚያወጡት ጉልበት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያለከልኩ መናገር ከቻሉ ልክ ነዎት። ሦስት ቃል ብለው ትንፋሽ ካጠረዎት በዝቷል፤ ሜዳም ይሁን ዳገት ቀንሱት ማለት ነው። የልብ ምት መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ በሙቀት ደም ወደ ቆዳ ስለሚሄድና በላብ ምክንያት የደሙ ፈሳሽ ስለሚቀንስ፣ ፍጥነቱ ሳይጨምር የልብ ምቱ ቀስ በቀስ ይወጣል። ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም።

ከመሬቱ በፊት አየሩን ማንበብ

ብዙ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። ሯጩን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ግን እርጥበቱ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም፤ አየሩ በውኃ ተን ከተሞላ ላቡ መሬት ላይ ይፈሳል፣ ሙቀቱ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ይህ ይብሳል፤ ጥላው ያታልላል።

በአየር ትንበያ ላይ የእርጥበት መቶኛውን ሳይሆን የጤዛ ነጥቡን፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ መሥራት የሚጀምርበትን ሙቀት፣ ይመልከቱ። መቶኛው ከሙቀቱ ጋር ስለሚዋዥቅ ያሳስታል። ንጋት ላይ 20 ዲግሪ ሙቀትና 95 በመቶ እርጥበት ካለ የጤዛ ነጥቡ 19 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ 31፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ሲሆን ቁጥሩ የቀነሰ ይመስላል፤ የጤዛ ነጥቡ ግን ወደ 22 ወጥቷል፤ አየሩ የያዘው ውኃ በዝቷል ማለት ነው። እንደ መመሪያ፦ ከ15 በታች ከሆነ እንደ ልብዎ ይሩጡ፤ ከ18 እስከ 21 ከሆነ በረጅም ሩጫ ላይ ፍጥነት ይቀንሱ፤ ከ21 እስከ 24 ከሆነ ቀላል ሩጫ ብቻ፤ ከ24 በላይ ከሆነ ርቀቱን በግማሽ ይቁረጡ ወይም ሩጫና እርምጃ ያፈራርቁ። ይህ ለጤነኛ፣ ሙቀቱን ለለመደ ሰው ነው።

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ በቀን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ በሙቀቱ ውስጥ ቀላል እንቅስቃሴ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ የልብ ምትም ይረጋጋል፤ ከዚያ ላብ ቀድሞ መውጣት ይጀምራል፣ በውስጡ ያለው ጨውም ይቀንሳል። ከሙቀቱ ርቀው ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆዩ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ ከቀዝቃዛ አገር መጥቶ በማግስቱ 20 ኪሎ ሜትር መውጣት ድፍረት አይባልም፤ የሒሳብ ስህተት ነው።

በእነዚህ አካባቢዎች የሞቃቱ ወቅት ነጎድጓድ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ጎህ ሲቀድ መውጣት የሚመከረው ለሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው። መብረቁ ከታየበት ቅጽበት ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንዱን ይቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አደጋው ደርሷል፤ ከተራራ ጫፍ፣ ከገላጣ ሜዳ፣ ከውኃ ዳርና ለብቻው ከቆመ ዛፍ ይራቁ። የተዘጋ ሕንፃ ወይም መኪና ከሁሉ ይሻላል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ሩጫውን አይቀጥሉ።

ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ማስላት

መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ መለካት የብዙ ችግር መነሻ ነው። ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አቀበት አንድ የሜዳ ኪሎ ሜትር ይጨምሩ። ለምሳሌ መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር፣ ጠቅላላ አቀበቱ 500 ሜትር ቢሆን እንደ 19 ኪሎ ሜትር ይቁጠሩት። በሜዳ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ የሚሮጡ ከሆነ 114 ደቂቃ ይመጣል። ለሙቀቱና ለመሬቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጨምሩበት፤ ከ2 ሰዓት ከ11 እስከ 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ይሆናል። ውኃው፣ ምግቡና የመብራቱ ባትሪ የሚሰላው በዚህ ነው።

ፓርኩ የሚዘጋበትን ሰዓት አስቀድመው ይወቁ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃን የሚቆየው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ቅጠል በተጋረደበት ጫካ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገው ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ ወጣ ያለ መንገድ ከሆነ የወረቀት ካርታም ይያዙ። ጥቅጥቅ ባለ ቅጠል ሥር የጂፒኤስ ምልክት እየነጠረ ስለሚመጣ ርቀቱም ቦታውም ይዛባል፤ መገንጠያ ላይ ሲደርሱ ከሰዓትዎ ይልቅ የመንገዱን ምልክት ይመኑ። ለአንድ ሰው ሦስት ነገር ነግረው ይውጡ፦ በየትኛው በር እንደገቡ፣ የትኛውን መንገድ እንደያዙ፣ እስከ ስንት ሰዓት ካልደወሉ እርዳታ መጥራት እንዳለበት። ከዚያ በኋላ መንገድ አይቀይሩ።

ጫማና ዕቃ

ለተቀላቀለ መሬት የሶሉ ጥርስ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለጭቃ ከ5 እስከ 6 ያለው የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በድንጋይና በጣውላ ላይ መሬቱን የሚነካው የጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለሚሆን ያንሸራትታል። ጥርሶቹ ራቅ ራቅ ያሉ ይሁኑ፤ የተጠጋጉ ከሆኑ ሸክላው መሃላቸው ገብቶ ይሞላና ሶሉ ልሙጥ ይሆናል። ለእርጥብ ድንጋይ ለስላሳ ጎማ ይሻላል፤ ጉዳቱ ቶሎ ማለቁ ነው። ውኃ የማያስገባ ሽፋን ያለውን ጫማ በዚህ አየር አይግዙ። ውኃው ከላይ በቁርጭምጭሚት በኩል መግባቱ አይቀርም፤ ከገባ ደግሞ መውጫ የለውም። የሚፈለገው ውኃ የሚያስገባ፣ ግን ቶሎ የሚያወጣ ስስ መረብ ነው።

ከረጅሙ ጣትዎ ፊት አንድ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይተው፤ በሙቀት እግር ያብጣል፣ በቁልቁለት ደግሞ ወደ ፊት ይሄዳል። ጥፍር የሚጠቁረው በዚህ ነው። ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት በጫማው የመጨረሻ ሁለት ቀዳዳዎች በኩል ክሩን እንደ ቀለበት አስገብተው፣ የአንዱን ጫፍ በሌላው ቀለበት ውስጥ አሳልፈው ያጥብቁ። ተረከዙ ይያዛል፣ ጣቶቹ ይድናሉ። አሸዋ የሚበዛበት ፓርክ ከሆነ የጫማውን አፍ የሚሸፍን ስስ የቁርጭምጭሚት ሽፋን ይልበሱ።

የጥጥ ካልሲም ሆነ የጥጥ ቲሸርት ይተው። ጥጥ ውኃ ይይዛል፤ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ይለሰልሳል፣ በፍትጊያ ይቦጨቃል። ስስ የሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ካልሲ ይጠቅማል። ከመውጣትዎ በፊት ቫዝሊን በጣቶች መሃል፣ በተረከዝ፣ በብሽሽት፣ በብብትና የቬስቱ (ውኃና ዕቃ የሚይዝ፣ እንደ ሰደርያ የሚለበስ ቦርሳ) ማሰሪያ በሚነካበት ቦታ ይቀቡ። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሮጡ ከሆነ በትንሽ ዕቃ ይዘው ይውጡ፤ ላቡ ያጥበዋል።

በቬስቱ ውስጥ የሚገባው፦ ቢያንስ 1.5 ሊትር ውኃ፣ ፊሽካ፣ የግንባር መብራት፣ ስስ የድንገተኛ ብርድ ልብስ፣ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ ፋሻ፣ ወረንጦ፣ ተጨማሪ አንድ ሰዓት የሚያቆይ ምግብ፣ ስልክ ውኃ በማያስገባ ከረጢት። የሚነቀነቅ ነገር ካለ ትከሻን ይልጣል፤ ሞልተው ሰውነት ላይ እስኪጣበቅ ያስሩትና ጥቂት ሜትር ይዝለሉበት።

ውኃ፣ ጨው፣ ስኳር

ስንት ሊትር እንደሚያልብዎ ራስዎ መለካት አለብዎት። ከሩጫ በፊት ያለ ልብስ ይመዘኑ፤ አንድ ሰዓት ይሩጡ፤ ላቡን አብሰው እንደገና ይመዘኑ። 1 ኪሎ 1 ሊትር ማለት ነው። 62.0 ኪሎ ሆነው ወጥተው 60.9 ከተመለሱና በመሃል ግማሽ ሊትር ከጠጡ፣ ያላብዎት 1.6 ሊትር ነው። በደረቅና በእርጥብ ቀን ለየብቻ ይለኩ፤ ልዩነቱ ያስገርማል።

ያላብዎትን ሁሉ እየሮጡ ለመተካት መሞከር ግን ትክክል አይደለም። ሆድ በሰዓት የሚቀበለው የተወሰነ ነው፤ ለብዙው ሰው ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር በቂ ነው፣ በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት። ግቡ ክብደትዎ ከ2 በመቶ ብዙ ዝቅ እንዳይል ነው። ከሩጫ በኋላ ክብደትዎ ከጨመረ ግን ብዙ ጠጥተዋል። ንጹሕ ውኃ በብዛት መጠጣት የደሙን ሶዲየም ያቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥ፣ ከዚያ መደነባበር ይመጣል። ውኃ ጥም የመታው ሰው መስሎ ተጨማሪ ውኃ ቢሰጡት ይብስበታል።

ሩጫው ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው (1.5 ግራም ያህል) እና 60 ግራም ስኳር፣ ማለትም 15 ልክ የሻይ ማንኪያ፣ ይበጥብጡ። ጨው ከ500 እስከ 600 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይሰጣል፤ ስኳሩ ደግሞ 6 በመቶ ብጥብጥ ይሆናል። ስኳሩን ቢያበዙት ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ውኃም ወደ አንጀት ይስባል፤ በቁልቁለት ሆድ የሚያናውጠው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በጄል (ለሯጮች በተዘጋጀ ወፍራም ጣፋጭ ምግብ) የሚሮጡ ሰዎች ጄሉን ከብጥብጡ ጋር ሳይሆን ከንጹሕ ውኃ ጋር ይዋጡ። በጠቅላላው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይበቃል፤ ረሃብ እስኪሰማ ሳይጠብቁ ከመጀመሪያው 30 ወይም 40 ደቂቃ ጀምረው ይውሰዱ።

እያንዳንዱን መሬት እንዴት እንደሚረግጡ

አሸዋ። በልል አሸዋ ላይ መሮጥ በጠንካራ መሬት ላይ ከመሮጥ 1.6 እጥፍ ያህል ጉልበት ይወስዳል፤ እግሩ የሚገፋው አሸዋውን እንጂ ሰውነቱን ስላልሆነ። እርምጃ ያሳጥሩ፣ ብዛቱን ይጨምሩ፣ በጣት ጫፍ ሳይሆን በእግር ሙሉ ገጽ ይርገጡ። በጣቶች ሲገፉ ይቆፍራሉ፤ ባትና የተረከዝ ጅማት ይታመማል። ሌላ ሰው የረገጠበት ቦታ፣ ሣር የያዘው ጠርዝ፣ ውኃ ያጠጣው አሸዋ ይጠነክራል። የባሕር ዳር አሸዋ ወደ ውኃው ስለሚያዘነብል አንዱ እግር ሁልጊዜ ዝቅ ይላል፤ ከተቻለ በሄዱበት ይመለሱ፣ ጫናው በሁለቱም እግር ይከፋፈላል። በአሸዋ ጉብታ ላይ የበቀለውን ተክል አይርገጡ፤ ጉብታውን ያቆመው እሱ ነው።

የጣውላ መንገድ። ከሁሉም አታላይ የሆነው ይህ ነው፤ ሜዳ ስለሆነ ሰው ይፈጥናል። ጥላ ያለበትና እርጥብ የሆነ ጣውላ በአልጌ ስለሚሸፈን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከጫማው ጥርስ የሚገኝ ጥቅም የለም፤ ጥርስ የሚይዘው ሲሰምጥ ነው። እግርዎን ከሰውነትዎ በታች አሳርፈው በጠፍጣፋው ይርገጡ፣ ሲለቁ ወደ ኋላ አይግፉ፣ መዞሪያ ላይ ይራመዱ። ምስማሮቹ የተሰለፉበት መስመር ከሥሩ ተሸካሚ እንጨት ስላለው አይንጠርም፤ በእሱ ላይ ይሂዱ። ቀጥታ ወደ ፊት ሲሄዱ ብሬክ መያዝ ካስፈለገ አንድ ትልቅ ብሬክ ሳይሆን ብዙ ትናንሽ እርምጃ።

ሥር። ቅርፊቱ የተላጠ እርጥብ ሥር በፍጹም አይረገጥም፤ በተለይ ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ሰያፍ የሆነው። ከሥሮቹ መሃል ያለውን አፈር ይርገጡ ወይም ይሻገሩት። ዓይንዎ ከ3 እስከ 5 ሜትር ፊት ይሁን፤ የራሱን እግር የሚያይ ሰው ሥሩን የሚያየው ከተደናቀፈ በኋላ ነው። በደከሙ ጊዜ ጉልበት ዝቅ ይላል፣ የጫማ አፍንጫ ይጠልፋል። ውድቀት የሚበዛው በመጨረሻው ሩብ ላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በቀላሉ መንገድ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከተደናቀፉ እንደ ማስጠንቀቂያ ይቁጠሩት፤ አንድ ደቂቃ ይራመዱ፣ ይብሉ፣ ከዚያ ጉልበትዎን ከፍ አድርገው ይቀጥሉ። የወደቀ ቅጠል ደግሞ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል፤ ቅጠል ክምር ላይ ድንጋይ እንዳለ ገምተው ይርገጡ።

ሸክላ አፈር። ሲደርቅ እንደ አስፋልት ነው፤ ዝናብ ካገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ይሟልጣል። ጠርዙ ላይ ሣር ቢኖርም መሃሉን ይዘው ይሂዱ፤ ጭቃና ኩሬ ለመሸሽ ወደ ጎን የሚሄድ ሁሉ መንገዱን ያሰፋል፣ ዝናቡም አፈሩን ይጠርጋል። ጫማው መታጠቡ አይቀርም፣ እርጥብ ይሁን። ሶሉ ላይ የተለጠፈ ሸክላ በእያንዳንዱ እግር መቶ ግራሞች ሊጨምር ይችላል፤ ድንጋይ ወይም ሥር ሲያገኙ የሶሉን ጎን መታ አድርገው ያራግፉ።

የኖራ ድንጋይ። ውኃ የበላው የኖራ ድንጋይ ሹል ጫፍና ጉድጓድ አለው። ሲደርቅ በጣም ይይዛል፣ ለዚህ ነው ሰው የሚተማመንበት፤ እርጥብ ከሆነና በብዙ እግር ከተወለወለ ግን እንደ መስታወት ነው። ደማቅና የሚያብረቀርቀውን ይሽሹ፣ ሻካራውን ይምረጡ። ጠጠር ያለበት ቦታ ላይ ከመዞሪያው በፊት ይቀንሱ፣ መዞሪያው ላይ አይቀንሱ።

ዳገት። ሮጠው አጠገብዎ ከሚራመድ ሰው ካልቀደሙ ይራመዱ። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜትር ተጉዘው 20 ሜትር ከፍ በሚሉበት ቦታ ነው። ሲራመዱ ከወገብ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት ዘንበል ይበሉ፣ እርምጃ አጭር ይሁን፤ ዳገቱ በጣም ቀጥ ሲል መዳፍዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ይግፉ። ደረጃ ላይ ሙሉ እግርዎን ያሳርፉ፤ በግማሽ እግር መውጣት ባት ይጨርሳል። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ወዲያው አይፍጠኑ፤ ትንፋሽ እስኪመለስ ሠላሳ ሰከንድ ይስጡት።

ቁልቁለት። ቀላል ቁልቁለት ጉልበት ይቆጥባል፤ ከ20 በመቶ በላይ ቀጥ ሲል ግን ጉልበቱ ሁሉ ለብሬክ ይሄዳል። ብሬኩን የሚይዘው የጭን ፊት ጡንቻ እየተሳበ ስለሚሠራ ይጎዳል፤ ሕመሙም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ድረስ እየጠነከረ ይመጣል። ወደ ኋላ መለጠጥ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፦ ተረከዝ ቀድሞ ያርፋል፣ ይንሸራተታል፣ በመቀመጫ ያስቀምጣል። ሰውነትዎ ከመሬቱ ጋር ቀጥ ይበል፣ ጉልበት ይታጠፍ፣ ክንድ ለሚዛን ይከፈት፣ እርምጃ አጭርና ፈጣን ይሁን። አንዱ እግር ቢንሸራተት ሌላው ወዲያው እንዲያርፍ ነው ጥቅሙ።

ወንዝ መሻገር። ከጉልበት በላይ ከሆነ ወይም ውኃው ከፈጣን እርምጃ በላይ የሚፈስ ከሆነ አይሻገሩ፤ ከዝናብ በኋላ ሌላው ቀርቶ ጠዋት የተሻገሩትም ወንዝ ሌላ ነው። መሻገር የሚቻል ከሆነ ግን ጫማ አያውልቁ፣ የቬስቱን የደረት ማሰሪያ ይፍቱ፣ ፊትዎን ወደሚመጣው ውኃ አዙረው ወደ ጎን እየሄዱ አንድ እግር ሳይረጋ ሌላውን አያንሡ። በየትኛውም ፓርክ፣ አዞ ወይም አሊጌተር ካለ፣ በንጋትና በምሽት ከውኃ ዳር ይራቁ፤ ምልክቱ እንዲያምር አልተለጠፈም። ጨዋማ ያልሆነ የቆመ ውኃ ውስጥ ባለመግባት ደግሞ በአንዳንድ አካባቢ ከሚገኘው ከቢልሃርዚያ ይድናሉ።

እንስሳትና ነፍሳት

እባብ ሞቃት መንገድ ላይ ይተኛል። ካዩ ይቁሙ፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ይበሉ፣ መንገዱን ይስጡት። ሊገድሉት ወይም ሊያነሡት አይሞክሩ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ይነደፋል። ከነደፈ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ አያንቀሳቅሱ፣ ሰዓቱን ይመዝግቡ፣ እርዳታ ይጥሩ። አይቁረጡ፣ አይምጠጡ፣ አጥብቀው አይሰሩ፣ በረዶ አያድርጉ።

መዥገር የሚይዘው ቁመቱ ረጅም ከሆነ ሣር ነው፤ መሃል መንገድ ይሂዱ። ከሩጫ በኋላ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ እምብርት፣ ብብትና የፀጉር ሥር ይፈትሹ። ካገኙ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ ዘይት፣ እሳትና ማጣመም ይተው። ልብስ ላይ 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን፣ ቆዳ ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት ያለው የነፍሳት መከላከያ ይሠራል። ዲት ፕላስቲክ እንደሚያሟሟ ይወቁ፤ ከፕላስቲክ የተሠራ የሰዓት ፊትና መነጽር ያበላሻል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት መጀመሪያ፣ የነፍሳቱ በኋላ ይቀባል።

ሲበላሽ

ቁርጭምጭሚት ከዞረ ቆመው አራት እርምጃ ለመራመድ ይሞክሩ። አራት መራመድ ካልቻሉ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ጫፍና ጀርባው ሲነካ የሚያም ከሆነ ስብራት ሊኖር ይችላል፤ አይቀጥሉ። መራመድ ከቻሉ ጫማውን ሳያወልቁ ክሩን ትንሽ ያላሉት፤ ካወለቁ እብጠቱ መልሶ አያስገባዎትም። በፋሻው በስምንት ቁጥር ቅርጽ ጠቅልለው እየተራመዱ በአጭሩ መንገድ ይውጡ።

አንድ ሰው መደነባበር፣ መንገዳገድ፣ ያልተያያዘ ማውራት ከጀመረ፣ ሰውነቱም ከጋለ፣ ላብ ቢኖረውም ባይኖረውም ሙቀት መትቶታል ብለው ይያዙት። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚደረገው ማቀዝቀዝ ሕይወት ያተርፋል። ወደ ሆስፒታል ከመጓዝ በፊት ያቀዝቅዙት። አደጋ የሌለው፣ ጥልቅ ያልሆነ ቀዝቃዛ ጅረት ካለ ራሱን ደግፈው አንገቱ ድረስ ያስገቡት፤ ከሌለ ልብሱን አርጥበው ውኃ እያፈሰሱ ያራግቡለት። ለተደነባበረ ሰው የሚጠጣ ነገር አይስጡ፤ ይታነቃል። በተመሳሳይ ጊዜ ሌላ ሰው ይደውል። ሰው ከሌለ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ይንፉ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይድገሙ፤ ይህ በተራራ ላይ የሚታወቅ የእርዳታ ጥሪ ነው።

ከእግር የሚቃጠል ስሜት ካለ ቁስሉ ገና ሳይፈጠር ይቁሙ። ሁለት ደቂቃ ወስዶ አሸዋ አራግፎ፣ እግር አድርቆ፣ ቫዝሊን ቀብቶ ወይም ፕላስተር ለጥፎ መሄድ፣ ሁለት ሳምንት ከማረፍ ይሻላል።

ለእግር የሚደረግ ዝግጅት ረጅም አይደለም። ከሩጫው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀድመው በሳምንት ሦስት ቀን በአንድ እግር ዓይን ጨፍኖ መቆም (30 ሰከንድ፣ በእያንዳንዱ እግር ሦስት ጊዜ)፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ደረጃ ላይ ቀስ ብሎ በአንድ እግር መውረድ (12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር)፣ የተረከዝ ማንሣት (15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር)። መውረዱ ቀስ ያለ መሆን አለበት፤ የቁልቁለቱን ጡንቻ የሚያጠነክረው እሱ ነው።

ከሩጫ በኋላ

ጫማዎን ከፓርኩ ሳይወጡ ያጽዱ። መቦረሽያና የማጽጃ ፈሳሽ የተቀመጠበት ቦታ ካለ ከመግባትዎ በፊትም ከወጡ በኋላም ይጠቀሙበት፤ በጫማ ላይ የሚጓዝ ትንሽ ጭቃ ፋይቶፍቶራ የተባለውን የዛፍ ሥር የሚያበሰብስ ተዋሲያን ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው ይወስዳል። መጀመሪያ ጭቃውን ይቦርሹ፣ ከዚያ ፈሳሹን ይርጩ፤ ጭቃ ላይ የተረጨ ፈሳሽ አይደርስም። ቤት ሲደርሱ ውስጠኛውን ንጣፍ አውጥተው፣ ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጎስጉሰው በጥላ ያድርቁ፤ ጋዜጣውን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለውጡ። ፀሐይና ማሞቂያ ሙጫውን ያላቅቃሉ፣ ስፖንጁንም ያጠነክራሉ። ጥርሶቹ ከመጀመሪያ ቁመታቸው በግማሽ ካለቁ ያ ጫማ ለደረቅ መንገድ ብቻ ይሁን።